ሦስት የዋንዛ መሳቢያዎች

የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

የልጄ የናሁሰናይ አርባ ከወጣ ሁለት ቀን ሆነ። ዛሬ የሥራ ቤቱን ከፈትኩ። ከግቢያችን በር አጠገብ ያለችው ክፍል ናት፤ በመንገዱም በኩል በር አላት። ዐብዲወሊ ውጭ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ከናሁ ጋር ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። እኔን ሆዮ ይለኛል፤ በነሱ ቋንቋ፣ በሶማሊኛ፣ እናቴ ማለት ነው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲታወክ የሱ እናት ቤቷ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን አስቀምጣናለች። ከዚያ ወዲህ ልጄ ነው።

ክፍሉ መሐል የወይዘሮ ዐርዶ ቁም ሳጥን ቆሟል። ልጇ ሪድዋን ከኢድ በኋላ ሱዕዲ የምትባል ልጅ ያገባል። የቤቱን ዕቃ የሚያሟላው የወንዱ ወገን ስለሆነ ከመስከረም ጀምሮ ነው ያዘዘችው። ናሁ አካሉን አቁሞ፣ ከታች ሦስቱን መሳቢያዎች ሠርቶ አስገብቷል። ሁለቱ በሮች አልተሠሩም። ምንም አልተቀባም።

ዐብዲወሊ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሆዮ፣ በሮቹን እኔ እሠራለሁ። ቅቡን ግን ለኸሊፍ ሠራተኞች እንስጠው። በመርጫ ግማሽ ቀን አይፈጅባቸውም» አለኝ። ኸሊፍ ጎረቤታችን ነው፤ ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ዕቃ ይሸጣል።

«የናሁ ዕቃ በመርጫ አይቀባም። በእጅ ነው።»

«በማን እጅ?»

«በኔ።»

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ደብተሩን የገዛሁት ለዚሁ ነው። ጎማላካ የሚባለው የእንጨት ማንጸባረቂያ ቅብ ስንት ጊዜ እንደተደረበ፣ ስንተኛ እጅ ላይ እንደደረሰ ካልተጻፈ ይምታታል። ናሁ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ነበር የሚጽፈው። እኔ ግድግዳውን አልነካም። ስምንተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ስለጨረስኩ መጻፍ አያቅተኝም፤ እጄ ግን ቀርፋፋ ነው።

የካቲት 29

ዐርብ። ዐብዲወሊ ለጁምዓ ሄደ። ከተማው ቀትር ላይ ጸጥ አለ። ብቻዬን ሆኜ ሳጥኑን ዳሰስኩት።

ስለ ልጄ ሥራ ልጻፍ። በዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድም ሚስማር የለም። ቋሚው ላይ በመሮ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይፈለፈላል፤ የአግዳሚው ጫፍ ደግሞ እንደ ምላስ ተቀርጾ እዚያ ውስጥ ይገባል። በመዳፍ እየተገፋ ነው የሚገባው፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በእንጨት መዶሻ አንድ ሁለቴ ነካ ይደረጋል። «በዱላ ከገባ ቋሚውን ይሰነጥቀዋል፤ በትንፋሽ ከገባም ነገ ይወልቃል» ይል ነበር። ከዚያ በጎን ይበሳና የወይራ ችካል ይገባበታል።

የመሳቢያዎቹ ማዕዘን እንደ ሁለት እጅ ጣቶች እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነው። ጣቶቹ ወደ ጫፍ ሰፋ ስለሚሉ መሳቢያውን መቶ ዓመት ቢጎትቱት ፊቱ አይነቀልም። ቆጠርኳቸው። በየማዕዘኑ አምስት አምስት። በአንዱም መሐል ጥፍሬ አልገባም።

አባቱ አምሀ ወታደር ነበር። ልጁ አናጺ እሆናለሁ ሲለው ሳምንት አላናገረውም። ይህን ሳይዳስስ ሞተ።

መጋቢት 2

ሰኞ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ባንድ ቀን ገቡ። ዐብዲወሊ ከንፈሩ ደርቆ መጣ፤ እኔም እንደዚያው።

«ሆዮ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትበዪው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ዘጠኝ ሰዓት! ይሄ ጾም ነው ወይስ ምሳ ማርፈድ?»

«አንተስ ሌሊት ተነስተህ ሥጋ ትበላ የለ? እኔ ሃምሳ አምስት ቀን ወተት እንኳ አላይም።»

«እሺ፣ በወተቱ አሸነፍሽ» አለና ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ከዚያ ደነገጥኩ።

ማሸት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሻካራው የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ለስላሳው። የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ብቻ። ተሻግሮ የታሸ እንጨት ሲቀባ ጭረቱ ሁሉ ይወጣበታል።

መጋቢት 6

አንደኛ እጅ። ተበላሸ።

ጎማላካ ሲገዛ እንደ ደረቀ ቅጠል ስብርባሪ ነው። በስፒሪት ተዘፍዝፎ ያድራል። ጥጥ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ እንጨቱ ላይ ሳያቆሙ ማሽከርከር ነው። እኔ አቆምኩ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሰላም ሲለኝ ቀና ብዬ መለስኩለት፤ ጨርቁ እዚያው ተጣብቆ ቀረ፣ የጨርቁ ምልክት ወጣበት።

ናሁ ሲቀባ ሰላም ሲሉት ዝም ይል ነበር። ልጄ ኩሩ ነው፣ ሰው ይቀየመዋል እያልኩ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። ለካ መመለስ አይቻልም ነበር።

መጋቢት 9

በስፒሪት አጥቤ ደገምኩት። አንደኛ እጅ። ጥሩ።

መጋቢት 11

ሁለተኛ እጅ። ማንም ሰላም ቢለኝ አልመለስኩም።

መጋቢት 14

ዐብዲወሊ በሮቹን ጀመረ። ግድግዳው ላይ የተደገፈ ዋንዛ አለ፤ ጥር 14 ቀን ከሐረር የመጣው። ሁለታችንም እስከ ዛሬ በጎን በጎኑ ነበር የምናልፈው። ዛሬ አንዱን ጣውላ አጋድሞ አየኝና፣ «ሆዮ፣ ሌላ እንጨት የለንም» አለኝ።

«ውሰደው» አልኩ።

እንጨቱንና ናሁን የጫነው አይሱዙ የተገለበጠው ካራማራ ተራራ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሾፌሩ እግሩን ተሰበረ። እንጨቱ ምንም አልሆነም። ፖሊሶቹ ቆጥረው አስረከቡን፤ አንድ ጣውላ አልጎደለም፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። ልጄ ብቻ ነው የጎደለው።

ናሁ በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ነበር። ነገ እሄዳለሁ ብሎ ነበር።

ዐብዲወሊ ሲልገው ቆሜ አየሁ። ከላይ አቧራና ዘይት የነካው አስቀያሚ እንጨት ነው፤ መላጊያው ሲያልፍበት ውስጡ እንደ ማር ይፈካል። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወድቃል። ጠርጌ ጣልኩት። ጥቂቱን አልጣልኩትም።

ሦስተኛ እጅ ነገ።

መጋቢት 20

አራተኛ እጅ። አሁን መስኮቱ ይታይበታል።

ዐብዲወሊ ለሶላት እንደወጣ ኸሊፍ ገባ። ሳጥኑን ዞሮ አየና፣ «ማሻአላህ እማማ ብርቄ! እኔ ጋ ልቅጠርዎት እንዴ?» አለ። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ቀጥሎ የላይኛውን መሳቢያ ሳበ፣ መልሶ አስገባ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀው። ተንገጫገጨ። ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ አንዷን እንጨት ከመሳቢያው በላይ ባለው ክፍተት ሰደዳት። ገባች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ሞከረ። ገባች።

«ይሄማ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ነው» አለ። «የኔ የፋብሪካ ዕቃ ወረቀት አያስገባም። ነፍሱን ይማረው፣ ልጁ መጨረሻ ላይ ሐሳብ ሳይኖርበት አልቀረም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ለቀብሩ መኪናውን የሰጠን እሱ ነው። ግን የክብሪት እንጨቷን እዚያው ትቷት ሄደ። ራሴ አንስቼ ሞከርኩ። ይገባል።

መጋቢት 21

ለዐብዲወሊ አልነገርኩትም። ለምን ይስማ። ልጄ ቸኩሎ ይሆናል። ያቻኮልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው ያዝንብሃል፣ ቶሎ በል፣ እንጨቱ ይሸጥብሃል እያልኩ። ስለምን ነው የማቻኩለው?

መጋቢት 24

ዐብዲወሊ ኢድን ከእናቱ ጋር ለማሳለፍ ቱሊ ጉሌድ ሄደ። በሮቹን ጨርሶ ሰቅሏቸዋል። ሲዘጉ ድምፅ የላቸውም። ናሁ እንዳስተማረው አድርጎ ነው የሠራው።

መጋቢት 28

አምስተኛ እጅ።

አንድ ሥራ ሠርቻለሁ። ከበሮቹ የተረፈ ቀጭን የዋንዛ ስንጥር ነበር። በልኩ ቆርጬ በሦስቱም መሳቢያዎች የላይ ጠርዝ ላይ፣ በፊትም በጎንም፣ በኮላ አጣበቅሁ። በሞርሳ አስሬ አሳደርኩት። በማግስቱ በመላጊያ ትንሽ ትንሽ እያነሳሁ፣ እያስገባሁ እያወጣሁ አስተካከልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ጎማላካ ቀባሁት። መጋጠሚያውን የት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን የክብሪት እንጨት አይገባም። ወረቀት አይገባም። አይንገጫገጭም።

የልጄን ስህተት አረምኩለት። ማንም አያውቅም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ መላጊያ ያዝኩ፤ ስንጥሩም አልተሰበረብኝም። እናት ለዚህ ካልሆነች ለምንድን ናት?

ሚያዝያ 2

ኢድ። ዐብዲወሊ ደወለ። «ሆዮ፣ ኢድ ሙባረክ! አንቺ ገና ነሽ አይደል? ፋሲካሽ መቼ ነው?» አለ። ኸሊፍ ሐልዋ ላከልኝ። ቅቤ ስላለበት ለእንግዳ አስቀመጥኩት።

ስድስተኛ እጅ።

ሚያዝያ 4

ሰማንያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ።

ሰባተኛ እጅ።

ሚያዝያ 6

ጭረት ያየሁ መሰለኝ። ሁለቱን እጅ አሽቼ አነሳሁት። ከስድስተኛው እጀምራለሁ። ሠርጉ ገና ሁለት ሳምንት ተኩል አለው፤ ምን ያስቸኩላል።

ሚያዝያ 9

ጉ፣ የዝናቡ ወራት፣ ገባ። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ዝናቡ አላቆመም፤ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። እየዘነበ ቀባሁ። ጎማላካው እንደ ጉም ነጭ ሆነብኝ። እርጥበት አይወድም። ናሁ በጉ ወራት ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ሲወጣ ብቻ ነበር የሚቀባው። አውቅ ነበር። ለምን ቀባሁ?

የግቢያችን በር አልዘጋ አለ። በየዓመቱ ነው።

ሚያዝያ 11

ዐብዲወሊ ተመለሰ። እናቱ ማር ልካልኛለች። ሳጥኑን አየና ፉጨት አሰማ።

«ስንተኛ እጅ ነው ሆዮ?»

«የተነሳውን ስትቆጥር... ዘጠነኛ።»

«ናሁ ስድስት ነበር የሚቀባው።»

«ጭረት ነበረው።»

«የት ጋ?»

ላሳየው አልቻልኩም። ከዚያ የላይኛውን መሳቢያ ሳበ። አልመጣም። መካከለኛውን ሳበ። ታችኛውን ተቀምጦ በሁለት እጁ ሳበ። ሦስቱም አልተነቃነቁም።

«ወላሂ ይገርማል» አለ። «ናሁ ለጉ ቦታ ሳይተው አይሠራም። በጂላል፣ በድርቁ ወራት፣ እንጨት ይከሳል፤ በጉ ይወፍራል። ስለዚህ በጂላል የሠራው መሳቢያ ላይ ሁልጊዜ የክብሪት እንጨት የምታህል ክፍተት ይተዋል። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። በጂላል ቢንገጫገጭ አትስማው፣ ጉ ሲመጣ ልክ ይሆናል ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ረስቶት ነው?»

«እንጃ» አልኩ።

እንጃ አልኩ።

ሚያዝያ 13

ፀሐይ ትንሽ ወጣች። አልተከፈተም። ነገ ይከፈት ይሆናል።

ሚያዝያ 14

ዝናብ። አልተናገርኩም። ዐብዲወሊ ከሌላ አናጺ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ ሶማሊኛው ሁሉ ባይገባኝም «ናሁ» እና «መሳቢያ» የሚለውን ሰማሁ። ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ እንዳላዝን ብሎ ነው።

ሚያዝያ 16

ዐርዶ ሪድዋንን ይዛ ልታየው መጣች። ኸሊፍም ድምፅ ሰምቶ ገባ። በሮቹን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ፊቷን አየችበት፣ ሻሿን አስተካከለችበት። «ዋላል፣ ይሄ እንጨት ነው መስታወት?» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው።

ከዚያ መሳቢያውን ሳበች። ሪድዋን «ቆይ እናቴ» ብሎ ሳበ። ሳጥኑ እንዳለ ወደሱ ተንሸራተተ እንጂ መሳቢያው አልመጣም። ዐብዲወሊ መሬት መሬት ያያል። ኸሊፍ ጉሮሮውን ጠረገ።

ዐርዶ ትከሻዬን ነካችኝ። «ግድ የለም። የሞተ ሰው ሥራ አይወቀስም። እንወስደዋለን፤ ለሱዕዲ ላይኛው ክፍል ይበቃታል።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን ባላጠፋው ጥፋት ይቅር አሉት። ሰው ሁሉ በርኅራኄ ዓይን ሥራውን አየ። እሱ ርኅራኄ የሚያስፈልገው ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?» አለች ዐርዶ።

«ቦታ ትቶ ነበር። በልኩ ትቶ ነበር። ስህተት መስሎኝ እንጨት ጨምሬ ዘጋሁት። ልጄ አላጠፋም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ብዙ ሳልናገር አልቀረሁም። ዐብዲወሊ ስለ አይሱዙውም፣ ዛሬውኑ ሂድ ስላልኩትም ሁሉ ተናገርሽ ይለኛል። እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው ዐርዶ ሁለቱንም እጆቼን ይዛ መቆሟን ነው። ከመምጣታቸው በፊት ስዘፈዝፍ የነካኝ ጎማላካ እጄ ላይ አልደረቀም ነበርና መዳፋችን ተጣበቀ። እሷ ግን አላስለቀቀችም።

ኸሊፍ፣ «ክብሪቷን የሰደድኳት እኔ ነኝ» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃ ሸጬ እንጨት እንደሚወፍር ዛሬ ሰማሁ። የኔው ዕቃስ ዝናብ ሲነካው ለምን እንደሚያብጥ አሁን ገባኝ።» ሪድዋን መሳቅ ፈልጎ አፈረ።

ዐብዲወሊ ግን መዶሻውን አንስቶ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞረ። ናሁ የጀርባውን ሰሌዳ በስርጉድ መስመር ውስጥ ስላስገባው ወደ ላይ ሲገፋ ይወጣል። አወጣው። ሦስቱንም መሳቢያዎች ከኋላ በመዳፉ እየመታ አስወጣቸውና ፊቴ ደረደራቸው።

«ነይ ሆዮ። መሮውን ያዢ። ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ የምታወጪውም አንቺ ነሽ።»

ዐርዶ መቀመጫ ስባ ተቀመጠች። «እኔም አያለሁ» አለች።

ሚያዝያ 18

ሦስቱንም ጨረስኩ። መሮው በተሳለው ፊቱ ተጋድሞ፣ ቀስ እያለ፣ ስንጥሩን ከኮላው ያላቅቀዋል። የቀረውን በመላጊያ አነሳሁ። የኮላው ቀለም ጠፍቶ የሱ መላጊያ ያለፈበት ለስላሳ ጠርዝ ብቅ ሲል እዚያ አቆምኩ። አንድ ጊዜ ተጨማሪ ልግፋ ብል የሱን እነካው ነበር።

አስገባናቸው። በአንድ ጣት ሄዱ። አልተንገጫገጩም፣ አልተጣበቁም። ዐብዲወሊ ክብሪት አወጣና ሞከረ። በድርቁ ይገባ የነበረው ክብሪት አሁን አይገባም። እንጨቱ ራሱ ሞልቶታል።

«አየሽ?» አለ።

«አየሁ።»

ልጄ በጥር ሆኖ ሚያዝያን ያስብ ነበር።

ሚያዝያ 22

ሰሙነ ሕማማት ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣች። ጠርዞቹን ቀባሁ። ነጭ የሆነውን ቦታ በስፒሪት አለሰለስኩት፤ ጠፋ። ጥጡን ደግሜ ልነክር ስል ዐብዲወሊ ከእጄ ወሰደው።

«ስድስት» አለ።

«አንድ ብቻ ልጨምር።»

«ሆዮ። ስድስት ነው።»

ጥጡን ጣለው። ተቀምጬ አየሁት።

ሚያዝያ 23

ወሰዱት። አራት ሰው ተሸከመው። በሩ ላይ ሲደርሱ «ጠርዙን! ጠርዙን!» እያልኩ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ይይ።

ግንቦት 1

ሱዕዲ ካገባች ሰባተኛ ቀኗ ነው። በዚህ ቀን ሴቶች ተሰብስበው ሻሽ ያስሩላታል፤ ከዛሬ ጀምሮ የቤት እመቤት ናት ማለት ነው። ዐርዶ መኪና ልካ አስወሰደችኝ። ነጩን ቀሚሴን ለበስኩ።

ቤቱ በሴት ሞልቷል፣ ከበሮ ይመታል። ቁም ሳጥኑ ከመስኮቱ ትይዩ ቆሟል፤ ብርሃኑን እንዳለ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይጥለዋል። ሱዕዲ በስጦታ ያገኘቻቸውን ሻሾች አጣጥፋ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከተተችና በጣቷ ገፋችው። ታችኛው ሲዘጋ፣ የላይኛው መሳቢያ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወጣ።

«ቢስሚላህ!» አለች አንዷ፤ ሌላዋ ወደ ኋላ ሸሸች። ከበሮው ቆመ።

ዐርዶ ወደኔ ዞረች። «ዋላል፣ ምንድን ነው?»

ናሁ ይህን አሳይቶኝ አያውቅም። ግን እጄ ሲሠራበት ስለከረመ ገባኝ። «አትፍሩ፣ አየር ነው» አልኩ። «ይሄኛው ሲገባ ውስጥ ያለውን አየር ይገፋዋል። አየሩ በጎን እንዳያመልጥ ሁሉም ገጥሟል። ስለዚህ ያኛውን መሳቢያ ገፍቶ ይወጣል። በልኩ ያልተሠራ ዕቃ እንዲህ አያደርግም።»

ሱዕዲ የላይኛውን ገፋች፤ መካከለኛው ወጣ። መካከለኛውን ገፋች፤ ታችኛው ወጣ። እየሳቀች ደጋገመችው። ሴቶቹ እኔ ልሞክር፣ እኔ ልሞክር ተባባሉ። ዐርዶ «በቀስታ! ከኸሊፍ የተገዛ አይደለም!» ትላለች።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ፤ የሪድዋን አያት ናቸው። ጆሯቸው አይሰማም። በበትራቸው ሳጥኑን እያመለከቱ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ማን ሠራ?» አሉኝ።

«ናሁሰናይ አምሀ» አልኩ። «የኔ ልጅ።»

«ማን?»

ጎንበስ ብዬ ጮክ አድርጌ ነገርኳቸው። አሁንም እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ቀና ብዬ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ስሙን ጠራሁ።